ዓለም ሥራውን ያነበበለት፣ ስሙን ግን ያላወቀለት የዳክዬው ሰው

ዶናልድ ዳክን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። የመርከበኛ ልብስ የለበሰው፣ ሱሪ የሌለው፣ በትንሽ በትልቁ ቱግ የሚለው ነጭ ዳክዬ ነው። አጎቱን ስክሩጅ መክዳክንም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የወርቅ ሳንቲም ክምር ውስጥ ዘሎ ገብቶ የሚዋኘው ስስታም ቱጃር። ዳክቴልስ በሚባለው የቴሌቪዥን ካርቱን አይታችሁት ይሆናል።

እስቲ አንድ ጥያቄ፦ ስክሩጅን የፈጠረው ማን ነው?

ዋልት ዲዝኒ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ግን አይፈረድባችሁም። መጽሐፎቹ ላይ የሚታየው ስም የእሱ ብቻ ስለነበር፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አንባቢዎችም ለዓመታት እንደዚያው ነበር የሚያስቡት። ትክክለኛው መልስ ካርል ባርክስ ነው። ከሞተ 25 ዓመት አልፎታል። ዛሬ የምንነግራችሁ የዚህን ሰው ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ጆሮው የደከመው የገበሬ ልጅ

ካርል ባርክስ የተወለደው ማርች 27 ቀን 1901 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ሜሪል በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ቤተሰቡ ገበሬ ነበር። አካባቢው ጭር ያለ፣ ጎረቤት የሚባለውም ራቅ ብሎ የሚኖርበት ነው። ከታላቅ ወንድሙ ሌላ የሚጫወተው ልጅ እምብዛም አልነበረውም።

በልጅነቱ ኩፍኝ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ጆሮው እየደከመ ሄደ። 15 ዓመት አካባቢ ሲሆነው እናቱ ሞተች። ትምህርቱም 8ኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፣ እሱ ደግሞ መምህሩ የሚለውን በደንብ አይሰማም።

የቀረው ነገር ስዕል ነበር። በፖስታ የሚሰጥ የካርቱን አሳሳል ኮርስ ጀመረ፤ አራት ትምህርት እንደወሰደ የእርሻ ሥራው ጊዜ ነሳውና ተወው። ሌላ የስዕል ትምህርት እምብዛም የለውም። የቀረውን ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው።

በ1918 መጨረሻ፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። ካርቱን የሚገዛው ጋዜጣ ግን አላገኘም። ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያልሠራው ሥራ የለም ማለት ይቻላል፦ በቅሎ ነድቷል፣ ግንድ ቆርጧል፣ ከብት ጠብቋል፣ ማተሚያ ቤት ሠርቷል፣ ለዓመታት ደግሞ ባቡር ጥገና ውስጥ ለፍቷል። አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ፤ ትዳሩ ግን ፈረሰ።

ይህን ልብ በሉልን። በኋላ የሚስለው ዶናልድ ዳክ በየታሪኩ ሥራ የሚቀያይር፣ በሁሉም ላይ የሚሞክር፣ በአብዛኛው የማይሳካለት ምስኪን ነው። ባርክስ ያንን ሕይወት ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ ኖሮበታል።

🔹 50 ዶላር ያስገኘው ወንበር

ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የሚስላቸውን ቀልዶች ለመጽሔት እየላከ ይሸጥ ነበር። በ1931 ከደንበኞቹ አንዱ የነበረው በሚኒያፖሊስ ከተማ የሚታተም የቀልድ መጽሔት ቀጠረው። በ1935 ደግሞ ዲዝኒ ሠዓሊ እንደሚፈልግ ሰማና አመለከተ። ተቀበሉት። ዕድሜው 34፣ ደመወዙ በሳምንት 20 ዶላር።

የሰጡት ሥራ አሰልቺ ነበር። ካርቱን እንዲንቀሳቀስ በአንድ እንቅስቃሴ መጀመሪያና መጨረሻ መሃል ያሉት ስዕሎች አንድ በአንድ መሣል አለባቸው። ባርክስ የተቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ሀሳብ አቀረበ፦ ዶናልድ በማሽን በሚሠራ የፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተዘቅዝቆ ይያዛል፤ ማሽኑ ጭራውን እንደ ፀጉር ሲያስተካክልለት፣ ፊቱን ደግሞ እንደ ጫማ ይቦርሽለታል። ሀሳቡ በ1937 በወጣው ሞደርን ኢንቬንሽንስ በተባለ ካርቱን ውስጥ ገባ። 50 ዶላር ሸለሙትና ወደ ታሪክ ክፍል አዛወሩት። የዶናልድ የእህት ልጆች፣ ሦስቱ ዳክዬዎች፣ በካርቱን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ በ1938 ሲታዩ ታሪኩን ከሠሩት ውስጥ እሱ ነበረበት።

በ1942 ግን ለቀቀ። የስቱዲዮው የአየር ማቀዝቀዣ ሳይነሱን አስቸግሮታል፤ ጦርነቱ ያመጣው የሥራ ሁኔታም አልተስማማውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዶሮ እያረባሁ እኖራለሁ ብሎ ወጣ።

🔹 ካርቱን በ10 ሳንቲም

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ዘመኑ እናውራ። ያኔ ካርቱን ደጋግሞ ማየት ብሎ ነገር የለም። ስልክ የለ፣ ዩቲዩብ የለ። ልጆች የሚወዱትን ካርቱን እቤታቸው ሊያገኙት የሚችሉት በኮሚክ መጽሐፍ ነበር። ዌስተርን ፐብሊሺንግ የተባለ ኩባንያ የገጸ ባሕርያቱን ፈቃድ ከፊልም ሠሪዎቹ ይወስዳል፣ መጽሐፉን ያዘጋጃል፤ ዴል የተባለው አከፋፋይ ደግሞ በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጠዋል። ዶናልድ ዳክ፣ ቶም ኤንድ ጄሪ፣ በግስ በኒ በዚህ መንገድ ወረቀት ላይ ወረዱ። ቴሌቪዥን ሲስፋፋ ደግሞ ዮጊ ቤር፣ ሃክልቤሪ ሃውንድና ፍሊንትስቶንስ ተከተሉ።

ግን የሠዓሊዎቹ ስም በአብዛኛው አይጻፍም። በገጽ ይከፈላቸዋል፣ አለቀ። መጽሐፉ ሚሊዮን ቅጂ ቢሸጥም ለእነሱ የሚጨመር ነገር የለም።

ባርክስ የገባው እዚህ ዓለም ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ሥራው በ1942 ከባልደረባው ጃክ ሃና ጋር ተካፍሎ የሣለው ዶናልድ ዳክ ፋይንድስ ፓይሬት ጎልድ ነው። ታሪኩ ለካርቱን ፊልም ታስቦ ያልተሠራ ነበር። በ1943 ደግሞ በየወሩ የሚወጣ ባለ 10 ገጽ የዶናልድ ታሪክ ተሰጠው። ዶሮዎቹን ተወና ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ከጠረጴዛው አልተነሳም። ወደ 500 የሚጠጉ ታሪኮች ሠርቷል፤ አብዛኞቹን ጽሑፉንም ስዕሉንም ራሱ።

በፊልም ላይ ዶናልድ የሚናገረው በቅጡ የማይገባ፣ ለ7 ደቂቃ ተቆጥቶ የሚያበቃ ዳክዬ ነው። ባርክስ አፉን ፈታለት። የሚኖርበት ከተማ ሠራለት፤ ዳክበርግ ብሎ። ዕድለኛ የአጎት ልጅ ሰጠው፣ የሚያናድድ። ዘራፊዎች፣ ጠንቋይ፣ የፈጠራ ባለሙያ ዶሮ ጨመረ። በ1947 መጨረሻ ደግሞ ለአንድ የገና ታሪክ ብቻ ይሆናል ብሎ አንድ ነጭናጫ ሀብታም አጎት ሣለ። ያ አጎት ስክሩጅ ነው። አንባቢ ወደደው። በ1952 የራሱ መጽሐፍ ወጣለት።

🔹 ከአሜሪካ ሳይወጣ ዓለምን የዞረ

ባርክስ በእነዚያ ዓመታት ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም። ዳክዬዎቹን ግን አንዲስ ተራሮች፣ ሂማላያ፣ በረሃና ውቅያኖስ ላይ አዙሯቸዋል። ምንጩ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ነበር። ፎቶውን እያየ ቤቱን፣ መርከቡን፣ ተራራውን ይስላል።

አንዱን ታሪክ እንንገራችሁ፤ በ1954 የወጣ ነው። ስክሩጅ የገንዘቡ ጭንቀት ሲያሳብደው ገንዘብ የሚባል ነገር ወደማይታወቅበት የሂማላያ ሸለቆ ይሸሻል። ሕዝቡ ሰላማዊ ነው፣ ያለውን ተካፍሎ ይኖራል። ስክሩጅ ግን የመድኃኒቱን ጠርሙስ ቆርኪ ይጥላል። አንድ ሰው ያገኘዋል። እዚያ አገር ቆርኪ ታይቶ አይታወቅም! ወዲያው ሰዉ ሁሉ ቆርኪ ፈላጊ ሆነ፤ ሻጭና ገዢ፣ ያለውና የሌለው ተፈጠረ። ስክሩጅ ነገሩን ላስተካክል ብሎ በአውሮፕላን 1 ቢሊዮን ቆርኪ ያስጥላል። አሁን ቆርኪው ዋጋ አጣ፣ ማሳውን ሸፈነው፣ ሕዝቡም ተቆጣ።

ገንዘብ ሲበዛ ዋጋ እንዴት እንደሚያጣ ከዚህ በላይ ቀላል ማስረጃ የት ይገኛል? የተጻፈው ለልጆች ነው።

ሌላም አለ። በ1954 በሣለው ታሪክ ውስጥ ጣዖቱ ከቦታው ሲነሳ ግዙፍ ክብ ድንጋይ እየተንከባለለ ይመጣል። በ1981 የወጣውን የመጀመሪያውን ኢንዲያና ጆንስ ፊልም ያየ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። የፊልሙ አንዱ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ የታወቀ የባርክስ አድናቂ ነው።

የኩዌቱ ደግሞ ይገርማል። በ1964 በሺዎች የሚቆጠሩ በጎች የጫነች መርከብ ኩዌት ወደብ ላይ ሰጠመች። ካርል ክሮየር የተባለ ዴንማርካዊ ሆዷን በጥቃቅን የፕላስቲክ ኳሶች አስሞልቶ አንሳፈፋት። ዶናልድና ልጆቹ ከ15 ዓመት በፊት የሰጠመች ጀልባ ያወጡት የፒንግ ፖንግ ኳስ ሞልተውባት ነበር።

🔹 ከቀልዱ ጀርባ

ያን ሁሉ ቀልድ የሚሠራው ሰው ቤቱ ሰላም አልነበረም። ሁለተኛ ሚስቱ በመጠጥ ሱስ ተይዛ ነበር፤ በ1951 ተፋቱ። ሲወጣ የያዘው ልብሱን፣ ብርድ ልብስ፣ የመሣያ ሰሌዳውንና የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔቶቹን ነበር። ዕድሜው 50። ምርጥ ከሚባሉት ሥራዎቹ ብዙዎቹ የተሣሉት ከዚህ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። በ1954 ጋሬ የምትባል ሠዓሊ አገባ፤ እስክትሞት ድረስ አብረው ኖሩ፣ በሥራውም ታግዘው ነበር።

አዘጋጆቹም ያሻቸውን ይቆርጡበት ነበር። ስክሩጅ ወጣት ሳለ በመጠጥ ቤት ውስጥ የተደባደበባቸውን ገጾች ለልጆች አይሆንም ብለው አስወጡበት። ዋናዎቹን ስዕሎች ደግሞ ኩባንያው አብዛኞቹን አስወግዷቸዋል፤ ዛሬ ቢኖሩ ስንት ያወጡ ነበር!

ሁሉም ሥራው የሚያስመሰግን አይደለም። በ1949 በወጣ አንድ ታሪክ አፍሪካውያንን የሣለበት መንገድ የዚያን ዘመን የዘረኝነት ካርቱን ነው፤ ከንፈርና ጥርስ አጋንኖ። በኋላ በወጡ እትሞች ስዕሎቹ እንዲቀየሩ ተደርጓል። በ1971 ደግሞ ቺሊ ውስጥ የታተመ ታዋቂ መጽሐፍ የዳክዬዎቹ ጉዞ የድሃ አገር ሀብት መውሰድን ያለማምዳል ብሎ ተችቷል። የምንወደውን ሥራ ስናነብ ይህንንም ማወቅ ደግ ነው።

🔹 በእጁ ያወቁት

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የባርክስ ባለ 10 ገጽ ታሪክ የሚወጣበት መጽሔት በወር ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር። ግን ባርክስን ማን ያውቀዋል? ማንም።

አንዳንድ ልጆች ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ዶናልድን የሚስሉት ብዙ ናቸው፤ አንደኛው ግን ይለያል። የዓይኑ አሣሣል፣ የቀልዱ አወራረድ፣ የታሪኩ ጥልቀት። ስሙን ስለማያውቁ ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ ብለው ይጠሩት ጀመር። እነዚያ ልጆች አደጉ፤ ሰውዬውን ግን አልረሱትም። አሳታሚውን እየጠየቁ፣ እየተመለሱ፣ በ1960 አካባቢ አድራሻውን አገኙና ደብዳቤ ላኩለት።

ባርክስ መጀመሪያ አላመነም። የሚያውቀው ሰው እየቀለደበት መሰለው። 59 ዓመት ገደማ ሆኖት፣ 17 ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ፣ የሚወደው አንባቢ እንዳለው ያወቀው ያኔ ነው።

በ1966 ጡረታ ወጣ። በ1971 ዲዝኒ ዳክዬዎቹን በዘይት ቀለም እንዲስል ፈቀደለት፤ ሌሎች ያለ ፈቃድ ስዕሉን አባዝተው ሲሸጡ ግን በ1976 ፈቃዱ ተነሳ። ራሱ የፈጠረውን ስክሩጅን ለመሣል ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት ማለት ነው፤ ባለቤቱ እሱ አይደለምና። ፈቃዱ ከዓመታት በኋላ ነው የተመለሰለት።

በ1987 ዳክቴልስ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ብዙዎቹ ክፍሎች የተወሰዱት ከእሱ ታሪኮች ነው። ከካርቱን ወደ መጽሐፍ ያወረደው ዳክዬ፣ ቤተሰብና ከተማ ይዞ ወደ ካርቱን ተመለሰ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የኮሚክ ሠሪዎች የክብር መዝገብ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ሲገቡ አንዱ እሱ ነበር። አንድ አስትሮይድም በስሙ ተሰይሟል።

በ1994፣ በ93 ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሜሪካ ወጣ። አውሮፓ ውስጥ 11 አገሮችን ሲዞር በየሄደበት ሰው ተሰልፎ ጠበቀው። አባቶች ከልጆቻቸው ጋር መጥተው ነበር።

ኦገስት 25 ቀን 2000 ኦሪገን ውስጥ አረፈ። 100 ዓመት ሊሞላው የቀሩት ሰባት ወራት ነበሩ።

ስሙን ያወጣለት ኩባንያው አይደለም፤ ስዕሉን አተኩረው ያዩ ልጆች ናቸው።

እናንተስ? በልጅነታችሁ የወደዳችሁት፣ ግን ማን እንደሠራው የማታውቁት ካርቱን የቱ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ሠሪውን አብረን እንፈልገው። 👇