ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል እና የሲናፕስ ክፍተት

ከአንበሳሜ በስተሰሜን በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ጓያ የክፉ ዘመን መሻገሪያ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ሽባ ያደርጋል። ለጉዳቱ ዋነኛ ምክንያት ተደርጎ የሚወሰደው ኦዳፕ የተሰኘ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በሲናፕስ ማለትም በነርቭ ሕዋሳት መገናኛ ላይ ያሉትን የግሉታሜት ተቀባይ ፕሮቲኖች ከልክ በላይ ያነሣሣል። ነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙት ተዋሕደው ሳይሆን ተጠጋግተው መሆኑን በማስረጃ በማስረዳት ስሙ በቀዳሚነት የሚነሣው ስፔናዊው ካኻል ነው።

ካኻል እ.ኤ.አ. በ1852 ተወለደ። ሠዓሊ መሆን ቢመኝም ሐኪም አባቱ አልፈቀደም፤ ጫማ ሰፊና ፀጉር አስተካካይ ዘንድ እንዲሠራ አደረገው። ኋላ ግን የሰውነት አካል ጥናትን ራሱ አስተማረው፤ ልጁም አጥንት እየሣለ ሕክምናን ወደደ። በ1873 ከተመረቀ በኋላ በኩባ የጦር ሐኪም ሆኖ ሲያገለግል በወባ ታሞ ተመለሰ።

በ1887 ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ የፈለሰፈውን የብር ማቅለሚያ ዘዴ ተመለከተ። ዘዴው ከብዙ ሕዋሳት መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ያጠቁራል። ካኻል ማቅለሙን በመደጋገምና ከጽንስ የተወሰደ ናሙና በመምረጥ አሻሻለው። ጎልጂ የነርቭ ሥርዓትን እንደ አንድ ወጥ መረብ ሲቆጥር፣ ካኻል የየሕዋሱ ጫፍ ራሱን ችሎ ሲያበቃ አየ። በ1888 ግኝቱን በራሱ ወጪ ባሳተመው መጽሔት አወጣ፤ በ1889 ደግሞ ናሙናዎቹን በርሊን ለተሰበሰቡ ሊቃውንት አሳየ። በ1906 ሁለቱ ባላንጣዎች የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ፤ ጎልጂ በሽልማቱ ንግግር እንኳ የመረብ ሐሳቡን አልተወም።

ካኻል ክፍተቱን ራሱን አላየም። መደበኛ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ ያነሰ ርቀት አይለይም፤ የሲናፕስ ክፍተት ግን 20 ናኖሜትር ያህል ነው። በ1934 ሲያርፍ ክርክሩ ፈጽሞ አልተዘጋም ነበር፤ በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አረጋገጠለት።

ዛሬ ፒኤስዲ-95ን የመሳሰሉ ፕሮቲኖች ተቀባዮችን በናኖሜትር በሚለካ ስፋት እየሰበሰቡ፣ መልእክት ከሚለቀቅበት ነጥብ ትይዩ እንደሚያሰልፏቸው ታውቋል። የጓያ መርዝ የሚያርፈው በእነዚሁ ተቀባዮች ላይ ነው። ስለዚህ የፎገራን ገበሬ ሽባነት የሚመረምር ተመራማሪ ሥራውን የሚጀምረው ካኻል በብዕሩ ካሰመረው ድንበር ነው።