ቬሎሲዮ፦ ለብስክሌት ማርሽ 40 ዓመት የተሟገቱት ሰው

ዳገት ላይ ከብስክሌቱ ወርዶ ያልገፋ ብስክሌተኛ የለም። ዛሬ ግን ማርሽ ያለው ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገቱ ሲጀምር መቀየሪያውን በጣቱ ይጫናል፤ ሰንሰለቱ ከትልቁ የፊት ማርሽ ወደ ትንሹ ይወርዳል፤ ፔዳሉም ይቀላል። ይህ እንዲለመድ ግንባር ቀደም ሆነው ከተሟገቱት አንዱ ፈረንሳዊው ፖል ደ ቪቪ ናቸው።

ደ ቪቪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ፔርን በተባለች ከተማ ተወለዱ። በመጀመሪያ የሚተዳደሩት በሐር ንግድ ነበር። በ1881 ብስክሌት ከገዙ በኋላ ግን ልባቸው ከሐሩ ወደ መንኮራኩሩ አዘነበለ። በ1887 በሴንት ኤትየን ከተማ የብስክሌት መጽሔት መሠረቱ፤ ቬሎሲዮ በሚለው የብዕር ስምም ታወቁ።

ከሴንት ኤትየን ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ 1,161 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ላይ ይወጣል። ቬሎሲዮ ይህን ዳገት በላብ ተጠምቀው ሲወጡ፣ ከመጽሔታቸው አንባቢዎች አንዱ ፒፓውን እያጨሰ አልፏቸው እንደሄደ ይተረካል። በዘመኑ ብስክሌት ያለው አንድ ማርሽ ብቻ ነበር፤ ለዳገት የቀለለው ሜዳ ላይ ያዘገማል፤ ለሜዳ የተመቸው ዳገት ላይ ጉልበት ይጨርሳል። ቬሎሲዮ መፍትሔውን በፔዳሉ በኩል ፈለጉ፤ ሁለት የፊት ማርሾች ጎን ለጎን ያሉት ብስክሌትም ሠሩ። ነጂው እየወረደ ሰንሰለቱን በእጁ ማዛወር ነበረበት።

ሐሳቡ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። የቱር ደ ፍራንስ ውድድርን በ1903 የመሠረቱት ሄንሪ ደግራንዥ ማርሽ መቀየርን የደካሞችና የሽማግሌዎች መደገፊያ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ተወዳዳሪዎች ከተራራው ሥር ቆመው፣ በሁለቱም ጎኑ ጥርስ ያለውን የኋላ ጎማ ፈትተው ይገለብጡ ነበር። ቬሎሲዮ ግን መጻፉንም፣ መሞከሩንም፣ ረጅም መንገድ መጋለቡንም አላቋረጡም። በ1930፣ በ76 ዓመታቸው፣ ብስክሌታቸውን እየገፉ ሲሄዱ በሴንት ኤትየን የከተማ ባቡር ገጭቷቸው አረፉ። ቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መቀየሪያን የፈቀደው ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ1937 ነው።

እርሳቸው በእጃቸው ያዛውሩት የነበረውን ሰንሰለት ዛሬ በሽቦ የሚሳብ ገፊ ብረት ያዛውረዋል። ብረቱ በአግባቡ ካልተስተካከለ ግን ሰንሰለቱ ዳገት መሐል ይወድቃል፤ ነጂውም እንደ ጥንቱ ወርዶ እጁን በቅባት ያጠቁራል። ማስተካከያው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የገፊው ብረት ውጫዊ ገጽ ከትልቁ ማርሽ ጥርስ በላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከማርሹ ጋር ትይዩ ሆኖ ይታሰራል። ቀጥሎ ሽቦው ላልቶ፣ ሰንሰለቱ ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ ማርሽ ላይ ይደረጋል፤ የውስጡ ገደብ ብሎንም ብረቱ ሰንሰለቱን ለጥቂት ሳይነካ እስኪቆም ይዞራል። ከዚያ ሽቦው ተወጥሮ ይታሰራል። በመጨረሻ ሰንሰለቱ ከፊት ትልቁ፣ ከኋላ ትንሹ ላይ ሆኖ የውጩ ገደብ ብሎን በዚያው መንገድ ይስተካከላል።

ቬሎሲዮ ፒፓ አጫሹ ያለፋቸው በዚያ ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ብስክሌተኞችም በስማቸው ዳገቱን ይወጣሉ።