የሴሎፋን ፈልሳፊ ዣክ ብራንደንበርገር

ዣክ ብራንደንበርገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ተወለደ። በበርን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንቶ የዶክተርነት ማዕረግ ካገኘ በኋላ በፈረንሳይ አገር በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ተሰማራ። በገበታ ልብስ ላይ ወይን ጠጅ ሲፈስ አይቶ ፈሳሽ የማያስገባ ጨርቅ ለመሥራት እንዳሰበ ይነገራል። ነገሩ ተረት ቢመስልም ቀጥሎ የመጣው ልፋት ግን ተረት አልነበረም። ከእንጨት ሴሉሎስ የሚገኘውን ቪስኮስ ቢቀባው ጨርቁ ገተረ፤ ሽፋኑ ግን እንደ መስተዋት ጠርቶ ተላጠ። ጨርቁን ትቶ ሽፋኑን ያዘ። የማምረቻውን መኪና ለማሻሻል ዓመታት ፈጅቶ በ1912 ዓ.ም. ገደማ ስስ ሴሎፋን ለገበያ አበቃ።

ሴሉሎስ የዕፅዋት አካል ስለሆነ የአፈር ባክቴሪያና ሻጋታ ይመገቡታል። ስለዚህ ሴሎፋን የሚበሰብስ መጠቅለያ ነበር። ጉድለቱ እርጥበት ማሳለፉ ነው። በ1927 ዓ.ም. የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ዊልያም ሄል ቻርች በስስ ቫርኒሽ ሸፍኖ ይህን አቃለለ፤ ነገር ግን ምግቡን ከእርጥበት የጠበቀው ሽፋን የመጠቅለያውንም መበስበስ አዘገየ። ኋላ ከመጡት የፕላስቲክ ሽፋኖች አንዳንዶቹማ ጨርሶ አይበሰብሱም።

ብራንደንበርገር በ1954 ዓ.ም. አረፈ። የሚበሰብስ የሚለው ቃል በራሱ ጊዜም ሁኔታም አይወስንም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአውሮፓ መመዘኛ ኢ.ኤን. 13432 ግን መጠቅለያው ለኮምፖስት ይሆናል ለመባል በ12 ሳምንት እንዲፈራርስ፣ በ6 ወር ውስጥም 90 በመቶው በጥቃቅን ሕዋሳት እንዲበላ ያዛል። በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚመረመረው ሴሉሎሱ ብቻ ሳይሆን ሽፋኑ፣ ቀለሙና ማጣበቂያውም ጭምር ነው።