ግንብ ያስፈረሰው መምህር

ስለ ተማሪ ቅጣት በየመኝታ ክፍሉ ክርክር ጠፍቶ ስለማያውቅ ለዛሬው ዓምዳችን ከወደ ቲቤት የአንድ ተማሪ ሕይወት መርጠናል። ሰውዬው ሚላሬፓ ይባላል። በ11ኛው መቶ ዓመት የተወለደ፣ በቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ እጅግ የሚከበር ባሕታዊና ገጣሚ ነው። ታሪኩ አሁን በሚታወቅበት መልክ የተጻፈው ግን ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1488 ስለሆነ እኛም እንደተነገረው እንተርከዋለን።

አባቱ በልጅነቱ ሞተ። አጎቱና አክስቱ ንብረቱን ወስደው እናትና ልጆቹን እንደ አሽከር አሠሯቸው። እናት ቂም ይዛ ልጇን መተት እንዲማር ላከችው፤ ጎበዝ ተማሪ ነበርና ተማረ! በአጎቱ ቤት ሠርግ ላይ ቤቱ ተደርምሶ 35 ሰው አለቀ። በረዶም አውርዶ የአገሩን ሰብል አጠፋ። ኋላ ግን ጸጸቱ እንቅልፍ ነሳው።

ይህን በደል የሚያጥብ ትምህርት ፍለጋ ወደ ማርፓ ሄደ። ማርፓ ባለ ትዳር ገበሬ ነው፤ ሆኖም ሦስት ጊዜ ህንድ አገር ወርዶ ከእነ ናሮፓ እግር ሥር የተማረ፣ መጻሕፍቱንም ወደ አገሩ ቋንቋ የመለሰ ሊቅ ነው። ሚላሬፓ ሲያርስ አገኘው። ማርፓም ጠላ አጠጣውና እርሻውን አስጨረሰው።

ትምህርት ግን የለም። ግንብ እንዲሠራ አዘዘው። ክብ ግንብ ሲጀምር አስፈረሰው፣ ድንጋዩንም ካመጣበት አስመለሰው። ግማሽ ክቡንም እንዲሁ፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑንም እንዲሁ። አራተኛው ባለ ዘጠኝ ፎቁ ነበር (እሱስ ደቡብ ቲቤት ውስጥ ሎድራክ በተባለው ስፍራ ዛሬም ይታያል)። የልጁ ጀርባ ቆስሎ መገለ። ከተማሪዎቹ መሀል ሲቀመጥ መምህሩ እየሰደበና እየመታ ያስወጣዋል። የምታዝንለት የመምህሩ ሚስት ዳግሜማ ብቻ ነበረች። አንዴ በባሏ ስም ደብዳቤ ፈጥራ ወደ ሌላ መምህር ላከችው። ትምህርቱን አገኘ፣ ዘግቶም ተመሰጠ፤ ግን ጠብ ያለለት ነገር የለም። የማርፓ ፈቃድ የለበትማ! በዚያ ሥርዓት ትምህርት ከመምህር ወደ ተማሪ በፈቃድ የሚወርድ ነው፤ መምህሩም ከራሱ መምህር የተቀበለ መሆን አለበት።

በመጨረሻ ሚላሬፓ ራሱን ሊያጠፋ ሲቃጣ ማርፓ ለማስተማር ተቀበለው። ያ ሁሉ መከራ የሠራውን ግፍ እንዲያጥብለት መሆኑን ገለጠለት። ቁስሉን አይቶ በስውር ያለቅስ እንደነበረም ይተረካል።

እዚህ ላይ እኛ የዝግጅት ክፍሉ አባላት ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን ማርፓ ተማሪውን አውቆታል እንላለን፤ የመጣው የ35 ሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው እንጂ ፊደል ሊቆጥር የመጣ ሕፃን አይደለም። የቀረነው ግን አልተዋጠልንም። ተማሪው አንድ ቀን ቀድሞ ራሱን ገድሎ ቢሆን ኖሮ የማርፓ የስውር ዕንባ ለማን ይበጅ ነበር? ክርክሩ አሁንም አልተቋጨም።

ሚላሬፓ ከዚያ ወዲያ በየዋሻው ኖረ። ሳማ ቀቅሎ ከመብላት ብዛት ገላው አረንጓዴ ሆነ ይባላል። እሱም በተራው መምህር ሆነና ጋምፖፓ የተባለ ሐኪም ሊማር መጣ። እሱን ግንብ አላስገነባውም፤ ትዕቢት እንዳያድርበት ጥቂት ቀን ደጅ አስጠናው እንጂ። ሊለያዩ ሲሉም የመጨረሻውን ትምህርት ሊሰጠው ጠራው። ልብሱን ገልጦ መቀመጫውን አሳየው፤ ብዙ ዓመት ድንጋይ ላይ ከመቀመጥ የተነሣ ቆዳው ደድሮ ነበር።