ቅዱስ ሄሮኒሞስና የዕለት እንጀራ

በቁምስናዎቻችን ለሕፃናት «አባታችን ሆይ»ን ስናስጠና፣ የዕለት እንጀራ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሳንመረምር እናልፈዋለን። እንጀራ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ማን አለ? ከ1,600 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ግን አንድ ታላቅ ሊቅ ከዚህ ቃል ፊት ቆሞ ብዙ አሰበ። እርሱም አንዳንዶች ጄሮም የሚሉት ቅዱስ ሄሮኒሞስ ነው።

የተወለደው በ347 ዓ.ም. ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በድልማጥያ ወሰን አጠገብ በነበረችው በስትሪዶን ነው። በሮም ሰዋስውና የንግግር ጥበብ ተማረ፤ በሶርያ በረሃ መንኖ ሳለም ዕብራይስጥ ማጥናት ጀመረ። በ382 ወደ ሮም ሲመለስ ር.ሊ.ጳ. ዳማሶስ የላቲኑን ወንጌላት ከግሪኩ ጋር አመሳክሮ እንዲያርም አዘዙት። ቅጂዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር፤ ገልባጮች በአንዱ ወንጌል የጎደለ የመሰላቸውን ከሌላው እያመጡ ይሞሉ ነበርና። ሕዝቡ በልቡ የያዘውን ቃል የሚነካ ግን ወንጌልን አበላሸ ተብሎ ይነቀፋል፤ በእርሱም የደረሰው ይኸው ነው። ቁጡ ሰው ስለ ነበር፣ እውነቱን እንናገርና፣ ለነቃፊዎቹ በሰጠው መልስ ትሕትና ሁልጊዜ አይታይም።

ዳማሶስ ካረፉ በኋላ ከሮም ወጥቶ በ386 በቤተ ልሔም ተቀመጠ። በዚያም ሮማዊቷ ቅድስት ፓውላ በሀብቷ ገዳማትን አሠራች።

በ398 ሦስት ወር ታሞ ገና ሲያገግም፣ የክሬሞናው ኤውሴብዮስ ወደ ሮም ሊሳፈር ነበርና የማቴዎስን ወንጌል እንዲተረጉምለት ለመነው። ሄሮኒሞስ በሁለት ሳምንት ያህል ለጸሐፊዎች እየነገረ ጨረሰው። በዚያ ጥድፊያ መካከልም ከእንጀራው ቃል ላይ ደረሰ። ኤፒዩስዮስ የሚለው የግሪክ ቃል ከዚህ ጸሎት ውጭ የሚገኝበት ስፍራ የለም ለማለት ይቻላል። እርሱ ወንጌላቱን ሲያርም በማቴዎስ ከፍጥረት ሁሉ በላይ የሆነ እንጀራ ብሎ መልሶት ነበር፤ በሉቃስ ግን ያንኑ ቃል የዕለት ብሎ ተወው። በትርጓሜውም፣ የዕብራውያን ወንጌል በሚባለው ከአራቱ ውጭ በሆነ መጽሐፍ የነገ የሚል ማግኘቱን ገለጸ፤ እንግዲህ የሚመጣውን እንጀራ ዛሬ እንለምናለን ማለት ነው። ለዛሬ የሚበቃ ምግብ ብቻ ነው የሚሉ እንዳሉም ጨመረ። የአገራችን የትርጓሜ መምህራን አንድም እያሉ እንደሚያትቱት መሆኑ ነው። ስለ ቅዱስ ቁርባን ስናስተምር የተራበውን ሰው ምሳ፣ ስለ ምሳው ስንናገርም ቁርባኑን የምንረሳ እኛ መምህራን በዚህ ገጽ ላይ ብንቆይ ይጠቅመናል።

ምእመናኑ ግን እርማቱን በጸሎታቸው አልተቀበሉትም። በላቲን ቅዳሴ እስከ ዛሬ የሚጸለየው የዕለት የሚለው ነው።

ሄሮኒሞስ በ420 በቤተ ልሔም ዐረፈ። የጀመረው የኤርምያስ ትርጓሜ ሳያልቅ ቀረ።