ሉዊ ፓስተርና ጥንቸሎቹ

ለሰው ልጅ ታላቅ ውለታ ከዋሉት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1822 ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ እያለፋ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበረ። ሉዊ ያደገው በአርቧ ከተማ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ያበደ ተኩላ በዚያ አገር ብዙ ሰዎችን ነከሰ። የዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ቁስሉን በጋለ ብረት መተኰስ ብቻ ነበረ።

ፓስተር በፓሪስ ተምሮ የኬሚስትሪ ሊቅ ሆነ እንጂ ሐኪም አልነበረም። በ1868 ግራ ጐኑ ሽባ ቢሆንም ሥራውን አልተወም። በ1880 ከረዳቱ ከኤሚል ሩ ጋር የእብድ ውሻን በሽታ መመርመር ጀመረ።

ነገሩ ግን እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። የበሽታው ምንጭ በማይክሮስኮፕ አይታይም፤ በሾርባ ውስጥም አይራባም። ስለዚህ በሕያው እንስሳ አካል ውስጥ ማቈየት ግድ ሆነ። ለዚህም ጥንቸል ተመረጠች። ከታመመ እንስሳ አንጎል ጥቂት ወስደው፥ ጥንቸሏን አደንዝዘው፥ አንጎሏ ላይ ያኖሩታል፤ ስትሞት ደግሞ ከእርሷ ወደ ሌላዋ ያሻግሩታል። በመጀመሪያ በሽታው እስኪገለጥ 15 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር፤ ከብዙ መተላለፍ በኋላ ግን ወደ 7 ቀን ወረደ። እንዲህ ሆኖ የማይታየው ጠላት ቀኑ የታወቀ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሞቱትን ጥንቸሎች ኅብለ ሰረሰር በጠርሙስ ውስጥ አንጠልጥለው በደረቅ አየር አቈዩት። በየቀኑ ኃይሉ እየደከመ ሄዶ በሁለት ሳምንት ገደማ የመግደል ኃይሉን አጣ። ፓስተር ከደካማው ጀምሮ ወደ ብርቱው እያሳደገ ውሾችን ከተበ።

በጁላይ 6 ቀን 1885 ከአልዛስ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ዮሴፍ ማይስተር የሚባለው ይህ የ9 ዓመት ልጅ ያበደ ውሻ 14 ቦታ ነክሶት ነበር። ፓስተር እጅግ ተጨነቀ። ዝም ቢል ልጁ ሊሞት ይችላል፤ ቢከትበውም፥ የመጨረሻው መርፌ ገዳይ ኃይሉን ካልለቀቀ ኅብለ ሰረሰር የተዘጋጀ ስለሆነ፥ ስሕተት ቢኖር ገዳዩ ራሱ ሊሆን ነው። ከሞተ በኋላ የተመረመሩት መዝገቦቹ እንደሚያሳዩት፥ በውሾች ላይ የጀመረው ፈተና ገና አላለቀም ነበር። ሆኖም ሐኪሞችን አማክሮ ቈረጠ፤ መርፌውን የወጋው ሐኪሙ ግራንሼ ነው። ልጁ በ10 ቀን 13 ጊዜ ተወጋ፤ ድኖም አገሩ ገባ። ካደገም በኋላ በ1888 በፓሪስ የተከፈተው የፓስተር ተቋም ዘበኛ ሆነ። ፓስተር በ1895 ዐረፈ።

ዛሬ ክትባቱ ከጥንቸል ኅብለ ሰረሰር አይሠራም። በሽታው ግን በአገራችን ገና አልጠፋም። በአዲስ አበባ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር ብሎ የሚጠራው ሠፈር አለ፤ በዚያ የምናልፍ ተማሪዎች የሊቁን ድካምና ስለ እኛ የሞቱትን እንስሳት እናስብ። ውሻ የነከሰውም ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለምና።