ኀዘኑን በእግሩ የተወጣው ኧርል ሻፈር

ኀዘን የሰውን ሁሉ ቤት ያንኳኳል፤ አቀባበሉ ግን እንደየሰው ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ከቤቱ ተዘግቶ ይከርማል፤ ሌላው በመጠጥ ሊረሳው ይሞክራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከበድ ያለ ሥራ ፈልጎ በሥራው ውስጥ ጥቂት በጥቂት እርሙን ያወጣል። ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ የምናቀርብላችሁ አሜሪካዊው ኧርል ሻፈር ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ወገን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኧርል ሻፈር ኖቬምበር 8 ቀን 1918 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት በዮርክ ከተማ ተወለደ። በ1935 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በፈጸመ ጊዜ አገሩ በታላቅ የኢኮኖሚ ችግር ላይ ነበረች። ስለዚህ የተመቸ ሥራ ሊያገኝ አልቻለም፤ በየእርሻው እየተቀጠረ፣ በአናጢነትም እየሠራ ይኖር ነበር። ትርፍ ጊዜ ባገኘ ቁጥር ግን በአቅራቢያው ወዳሉት ተራሮችና ጫካዎች መሄድ ይወድ ነበር። በዚህ ጉዞ ከአጠገቡ የማይለየው የልብ ጓደኛው ዋልተር ዋይንሚለር ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች የአፓላችያን መንገድ የተባለውን ረጅም የእግር መንገድ አንድ ቀን አብረው ሊሄዱበት ተመካክረው ነበር።

ይህ መንገድ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የተራሮችን ጫፍ ተከትሎ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 14 ክፍለ ግዛቶችን የሚያቋርጥ ነው። ሐሳቡን በ1921 ዓ.ም. በጽሑፍ ያወጣው የደን ባለሙያ የነበረው ቤንተን መካይ ነው። መካይ ጽሑፉን ያወጣው ሚስቱ በሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ መንገድ ገና ከመጀመሪያው ከኀዘን ጋር የተያያዘ ታሪክ ያለው መሆኑን እንረዳለን። ከዚያ በኋላ በጎ ፈቃደኞች በየክፍለ ግዛቱ ማኅበር እያቋቋሙ ጫካውን መንጥረው፣ በዛፍና በድንጋይ ላይ ምልክት እየቀቡ ሥራውን በ1937 ዓ.ም. ፈጸሙት።

የሁለቱ ጓደኛሞች ምክር ግን ሳይፈጸም ጦርነት መጣ። ሻፈር በ1941 ዓ.ም. ከጦር ሠራዊቱ ገብቶ በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች በሬዲዮ መገናኛ ሥራ አገለገለ። ዋይንሚለርም ወደዚያው ጦር ሜዳ ዘመተ። በ1945 ዓ.ም. ኢዎ ጂማ በተባለችው ትንሽ ደሴት ላይ እጅግ ብዙ ደም የፈሰሰበት ውጊያ በተደረገ ጊዜ ዋይንሚለር ከሞቱት አንዱ ሆነ።

ሻፈር በደኅና ወደ አገሩ ቢመለስም ልቡ አላረፈም። ያየው ጦርነትና የጓደኛው ሞት እንቅልፍ ነሱት። በዚህ ሁኔታ ሳለ በ1947 ዓ.ም. አንድ መጽሔት ሲያነብ ስለ አፓላችያን መንገድ የተጻፈ አገኘ። ቀድሞ መንገዱን ከፋፍለው በልዩ ልዩ ጊዜ የፈጸሙት ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በአንድ ጉዞ ሳያቋርጥ ከዳር እስከ ዳር የሄደ ሰው አልተሰማም ነበር። ሻፈር ይህን ባነበበ ጊዜ ለሁለት የታሰበውን ጉዞ ብቻውን ሊፈጽመው ቆረጠ። ጦርነቱን ከሰውነቱ ውስጥ በእግር ጉዞ ለማውጣት አስቦ መነሣቱን በኋላ ራሱ አስረድቷል።

ኤፕሪል 4 ቀን 1948 ዓ.ም. በጆርጂያ ከኦግልቶርፕ ተራራ ተነሣ። የያዘው የወታደር ጀርባ ማዘያ፣ ኮምፓስና የመኪና መንገድ ካርታ ነበር፤ የመንገዱ መምሪያ መጽሐፍ አልነበረውም። መንገዱን ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች በጦርነቱ ዘመን ወደየግዳጃቸው ስለ ሄዱ፣ በብዙ ስፍራ ምልክቱ ጠፍቶ፣ ዛፍ ወድቆበት፣ ቁጥቋጦ አልብሶት ቆየው። ሻፈር ደጋግሞ መንገድ ይስት ነበር። ሲመሽ በመንገዱ ዳር በተሠሩት መጠለያዎች ወይም በሜዳ ያድር ነበር፤ ምግቡን በእሳት ላይ ራሱ ያበስላል፤ የዕለቱንም ነገር በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ጸደይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ እርሱም አብሮ ይገሠግሥ ነበር።

እርሱ በመንገድ ላይ ሳለ መንገዱን የሚቆጣጠረው ማኅበር በዚያው ዓመት ስብሰባ አድርጎ ነበር። በስብሰባውም አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ጉዞ ሊጨርሰው መቻሉ አጠራጣሪ ነው የሚል አስተያየት ተሰምቷል። ኦገስት 5 ቀን ግን ሻፈር በሜይን ካታዲን ተራራ ጫፍ ላይ ደረሰ። 3,300 ኪሎ ሜትር ያህል በ124 ቀን፣ ማለት በቀን 26 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል።

የማኅበሩ ሹማምንት ወሬውን በቀላሉ አላመኑም። ሻፈር ግን አልተቈጣም፤ ደብተሩንና በጉዞው ያነሣቸውን ፎቶግራፎች አቅርቦ፣ ለተጠየቀው ሁሉ መልስ ሰጠ። በመጨረሻ ሥራው ታወቀለት። ከዚያም በኋላ የተጠራጠረውን ማኅበር በጸሐፊነት አገለገለ።

ሻፈር በ1965 ዓ.ም. መንገዱን ከሰሜን ወደ ደቡብ በ99 ቀን ፈጸመው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉውን በመጓዝ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የመጀመሪያውን ጉዞ ታሪክ መጽሐፍ አድርጎ ጻፈው። በገጠር በቀላል ኑሮ እየኖረ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ሚስትም አላገባም። የመጀመሪያው ጉዞ 50ኛ ዓመት በሆነበት በ1998 ዓ.ም. ደግሞ፣ 80 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ መንገዱን ለሦስተኛ ጊዜ በ173 ቀን ፈጸመ። ሜይ 5 ቀን 2002 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ አረፈ። የ1948ቱ ደብተር ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይገኛል።

ከዚህ ሰው ታሪክ ወጣቶች ሊመለከቱት የሚገባ ነገር አለ። ረጅም መንገድ መሄድ የሞተውን አያስነሣም፤ ሻፈርም ጓደኛውን እስከ እርጅናው አልረሳውም። ነገር ግን ኀዘኑ ውስጡን እንዲበላው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከጓደኛው ጋር ተመካክረው የጀመሩት አሳብ በሞት ምክንያት እንዲቀር አልፈቀደም፤ የሁለቱንም ድርሻ ተሸክሞ ከዳር አደረሰው። ለሞተ ወዳጅ ከልቅሶው በኋላ የሚደረግለት ትልቁ ውለታ አብረው ያሰቡትን በጎ ነገር መፈጸም ነው።